አራት ካንዴላ ትርፍ

ሁለት ከመቶ ምን አላት? መንገድ ላይ ወድቃ ብናገኛት ጎንበስ ብለን የማናነሳት ነገር ናት። ጋሽ ካንዴላን ግን ይቺው ሁለት ከመቶ ምግብ አስጠላችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰው ጨዋታ ወጥቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ሲጠሩት «አቤት» ማለት እንኳ እየረሳ ከረመ።

ጋሽ ካንዴላ ብርሃን ለኪ ነው። አትሳቁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አለ። ጨርቅ በሜትር፣ ስኳር በኪሎ እንደሚለካ ሁሉ፣ አንድ አምፖል ወደ ፊቱ የሚሰደው ብርሃን በካንዴላ ይለካል። አንድ ካንዴላ በደፈናው ስንናገር የአንዲት ሻማ ብርሃን ያህል ነው። ፋብሪካ «ይህ አምፖል ይህን ያህል ያበራል» ብሎ ካርቶኑ ላይ ቢጽፍ ዝም ተብሎ አይታመንም። አምፖሉ ወደ ልኬት መሥሪያ ቤቱ ይላካል፣ ሁለተኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቁር ክፍል ይገባል፣ ጋሽ ካንዴላም ለክቶ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ይመልሰዋል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሯል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ሚስቱ እንኳ ስትናደድ «ስማ አንተ ካንዴላ!» ነው የምትለው።

ክፍሏ ጥቁር ናት ስላችሁ ጥቁር ናት። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወንበሩ፣ የበሩ እጀታ፣ የብሎኑ ራስ ሳይቀር ጥቁር ተቀብቷል። ብርሃን ነገረኛ ነዋ! ነጭ ነገር ካገኘ እዚያ ላይ ነጥሮ ወዳልተላከበት ይሄዳል፣ ልኬቱንም ያበላሻል። መሃል ላይ የአራት ሜትር ሐዲድ ተዘርግቷል። ባንደኛው ጫፍ አምፖሉ ይቆማል፤ በሌላኛው ጫፍ ብርሃኑን ተቀብሎ ቁጥር የሚያወጣው መሣሪያ አለ፣ እነሱ «ዓይን» ይሉታል። በሁለቱ መካከል ሆዳቸው የተበሳ ጥቁር ሳንቃዎች ተደርድረዋል፤ ዓይኑ አምፖሉንና የአምፖሉን አካባቢ እንጂ ሌላ ነገር እንዳያይ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ጋሽ ካንዴላ ራሱ፣ ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ በእጁ የጻፈው ማሳሰቢያ ተለጥፏል፦ «ወደዚህ ክፍል የሚገባ ሁሉ ከአንገቱ በታች ጥቁር ይልበስ።»

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ኋላ ይጠቅመናል። አምፖል ሲለካ የሚገባበት ከረንት ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። ሌላ ቦታ ይህን የሚጠብቅ ማሽን አለ። እዚህ ግን ጋሽ ካንዴላ ነው ማሽኑ። ከአምፖሉ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ያለችውን ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ከረንቱን ቀጥ ያደርገዋል። በዚህ ጣቱ የሚኮራው ኩራት ልክ የለውም።

እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በፊት ገምጋሚዋ መጣች። ከዋናው ላቦራቶሪ የተላከች፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቅ የማታውቅ ሴትዮ ናት። በጥጥ የተጠቀለለ አምፖል በሣጥን ይዛ፣ ልኩን ደግሞ በታሸገ ፖስታ ይዛ መጣች። «ይለኩልኝ» አለችው። ለካ። ሁለት መቶ አራት ካንዴላ። ደግሞ ለካ፣ ሁለት መቶ አራት። ሦስተኛም ለካ፣ ያው። ፖስታው ተቀደደ። ሁለት መቶ ይላል።

«የሚፈቀደው ስሕተት ሁለት ካንዴላ ነው» አለች ገምጋሚዋ። «የእርስዎ አራት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ተመልሼ እመጣለሁ። ምክንያቱን ካገኙት እሰየው። ካላገኙት ክፍሉ ይዘጋል፣ አምፖሎቹም ወደኛ ይላካሉ።»

ጋሽ ካንዴላ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ክፍሏ ብትዘጋ የት እንደሚገባ ኃላፊው አልደበቀውም፤ ጎን ካለው ክፍል፣ የገበያ ሚዛን ከሚፈትሸው ጓደኛው ጋር ነው። ያ ጓደኛው ደግሞ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ አፉ የማያርፍ፣ «ኪሎ» የሚባል ወፍራም ሰው ነው።

«ና፣ ምን አለበት?» አለው ኪሎ፣ ትከሻውን እየመታ። «የቲማቲም ሚዛን አብረን እንፈትሻለን። ቢያንስ እኛ ጋ መስኮት አለ፣ ሰው ትመስላለህ።»

«ሂድልኝ እባክህ!» አለ ጋሽ ካንዴላ። የሚወደው ሰው ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ያንቀው ነበር።

ከዚያ ያላደረገው ነገር የለም። የዓይኑን መስታወት ወለወለ። ሐዲዱን በሌላ ሜትር ለካ። የከረንት መለኪያውን ቀየረ። የግድግዳውን ጥቁር ቀለም እንደ አዲስ ቀባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፍንጫው ስር ቀለም ቀለም ሸተተው። ልኳ የታወቀ የራሱ ማነጻጸሪያ አምፖል ብትኖር ኖሮ ነገሩ መቼ እንደጀመረ ትነግረው ነበር፤ እሷ ግን አምና ተቃጥላ ምትክ አልመጣላትም። በመጨረሻ ታላቁን ፈተና አደረገ። ጥቁር ሳህን በእጁ ይዞ ሐዲዱ መሃል፣ ከሳንቃዎቹ ኋላ ቆመና የአምፖሉን ብርሃን ከለለ። ቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ከተከለለ በኋላ ዓይኑ አሁንም ቁጥር ካሳየ፣ ከሆነ ቦታ እየነጠረ የሚመጣ ትርፍ ብርሃን አለ ማለት ነው። አንገቱን አዙሮ የዓይኑ ቁጥር የሚወጣበትን ሰሌዳ አየ። ዜሮ! ክፍሏ ንጹሕ ናት። ንጹሕ ከሆነች ታዲያ አራቱ ካንዴላ ከየት ነው የሚመጡት?

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገባ። ነገ ዓርብ ነው።

ቤት ውስጥ ሚጡ ነበረች። ሚጡ የሴት ልጁ ልጅ ናት፣ ሰባት ወሯ ነው፣ እናቷ ለማታ ተራዋ ሥራ ስትገባ አያቶቿ ጋ ታመሻለች። ሚስቱ ጥቁር ሻሽ አስራ ከጠረጴዛው መብራት አጠገብ ቀሚስ ትቀምቅማለች። ሚጡ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፋ፣ ባንድ ጉንጯ መብራቱ ወድቆባት፣ ሌላው ጉንጯ ጨልሞ፣ የራሷን እግር እያየች ትደነቃለች።

«መጣህ፣ አባቷ?» አለች ሚስቱ። «አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም።»

«እንግዲህ ቲማቲም ነዋ» አለች፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ተው አይዞህ» አለችው።

ጋሽ ካንዴላ ሚጡን ሊስማት ጎንበስ አለ። የጨለመው ጉንጯ ፈካ አለ። ስሟት ቀና ሲል መልሶ ጨለመ። ቆም አለ። እንደገና ጎንበስ አለ፣ ፈካ። ቀና አለ፣ ጨለመ። ጎንበስ፣ ቀና። ጎንበስ፣ ቀና።

«ኧረ ልጅቷን ምን እያደረግሃት ነው? ጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ!»

«እናቷ፣ እስቲ ነይ አንቺ ጎንበስ በይላት።»

«ጤና የለህም።»

«ስወድሽ፣ ባክሽ!»

መርፌዋን ሰክታ ተነሣችና ባለጥቁር ሻሹን ራሷን ሚጡ ላይ ደፋች። የልጅቷ ጉንጭ እንደጨለመ ቀረ። ጋሽ ካንዴላ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ራሱ አናት ሰደደ፣ ፀጉሩን ዳሰሰ።

አሁን የሰውየውን ምሥጢር ልንገራችሁ። ጋሽ ካንዴላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ፀጉሩን ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ናት የምትቀባው። መሥሪያ ቤት ማንም አያውቅም ብሎ ያምናል። ሚጡ ስትወለድ ግን ሴት ልጁ አራስ ቤት ሆና ትክ ብላ አየችውና፣ «አባዬ፣ እኔ ለልጄ የምፈልግላት አያት ነው እንጂ ታላቅ ወንድም አይደለም» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በነጋታው ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄዶ ከሥሩ አስነሣው፤ ከዚያ የበቀለው ፀጉር እንደ ጥጥ ነጭ ነበር። «እሰይ! ፊትህ ላይ ብርሃን መጣልህ» አለችው ሚስቱ። እሱም፣ «ብርሃኑን ለእኔ ተዪው፣ የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ ኩም አደረጋት። መሥሪያ ቤት ደግሞ ኃላፊው፣ «ምነው፣ በአንዴ ሸበቱ?» ሲለው፣ «የሥራ ሐሳብ ነው» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሽቷል።

ያ ሽበት ነው እንግዲህ ከማዞሪያዋ አጠገብ፣ ከአምፖሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ቆሞ የከረመው። የአምፖሉ ብርሃን እዚያ ላይ እየነጠረ ከቀጥታው ጋር ተደምሮ ይገባል። በሳህኑ ሲፈትን እሱ ራሱ ሐዲዱ መሃል ስለነበረ ሽበቱም አብሮት ተነሥቶ ሄዷል፤ ዜሮ ቢያገኝ ምን ይደንቃል! ማሳሰቢያውን የጻፈው ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ፀጉሩ ከሰል የመሰለ ጊዜ ነው። ከአንገት በላይ ያለው ነገር አንድ ቀን ይነጣል ብሎ ማን ያስባል?

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ደስም አለው፣ ግን ለአፍታ ብቻ። ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣበት። መታጠቢያ ቤት ገባና ከመስታወቱ ኋላ ያለውን መደርደሪያ ይበረብር ጀመር። ከጥርስ ሳሙናው ጀርባ፣ ግማሹ ያለቀ የፀጉር ቀለም ቱቦ አገኘ። ዛሬ ቢቀባ ነገ ሁለት መቶ ይወጣለታል። «የዓይኑ መስታወት ላይ አቧራ ነበር» ይላል፣ ማኅተም ይመታለታል፣ ክፍሏ ትተርፋለች። ማን ያውቃል? ማንም!

ሚስቱ ሚጡን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

ሁሉንም ነገራት። ሳታቋርጥ ሰማችው።

«ይኼ ከጀመረ ስንት አምፖል ለካህ?»

«አርባ አንድ።» ቁጥሩን ሳይቆጥር ነው የሚያውቀው። «የትምህርት ቤት አለበት፣ የቀዶ ጥገና ክፍል አለበት። ሁሉም ላይ ከሚያበሩት በላይ ያበራሉ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«በዚህ የሚሞት ሰው አለ?»

«ኧረ የለም! ሁለት ከመቶ እኮ ናት። በዓይንሽም አትለዪያትም።»

«ታዲያ?»

ጋሽ ካንዴላ ቱቦውን በእጁ አገላበጠ። ከዚያ፣ «ፊርማዬ ነዋ» አለ። «ሃያ ሦስት ዓመት እኮ ነው፣ እናቷ።»

እሷ አልመከረችውም። ሚጡን አስያዘችውና ቱቦውን ከእጁ ተቀብላ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ቀጥላ፣ «ራስህን የሚሸፍን ቆብ ስንት ክንድ ጥቁር ጨርቅ ይፈጃል?» አለች።

«ክንድ በማን ክንድ?»

«በል አሁን ካንዴላ አትሁንብኝ!» አለችና ሣጥኗን ከፈተች። ያሳጥረኛል ብላ ለብሳው የማታውቀውን ጥቁር ጉርድ አውጥታ፣ በመቀስ ለሁለት ከፈለችው።

ዓርብ ጠዋት ጥቁሯ ክፍል ውስጥ ገምጋሚዋና ኃላፊው ቆመዋል። ኪሎም ማንም ሳይጠራው መጥቶ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ የኪሎ ብቻ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎታል።

«ምክንያቱ ተገኘ?» አለች ገምጋሚዋ።

«ተገኝቷል።» ጋሽ ካንዴላ ቆቡን በእጁ ጨመደደ። «እኔ… ፀጉሬን እቀባ ነበር።»

ኃላፊው ጫማውን ማየት ጀመረ። ኪሎ ግን ከበሩ ሆኖ፣ «ይኼን የማያውቅ እኮ ያ ዓይን የምትሉት ዕቃ ብቻ ነው!» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጆሮህ ሳይቀር ይጠቁር አልነበር እንዴ?»

ጋሽ ካንዴላ መሬት ብትውጠው በወደደ። ገምጋሚዋ ግን አልሳቀችም፤ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«ስንት ዓመት ቀቡ?»

«ዘጠኝ።»

«መቼ አቆሙ?»

«ከሰባት ወር በፊት። የልጅ ልጅ ተወለደችልኝና።»

ጻፈች። ከዚያ ጥቁሩን ሳህን አንሥታ ራሷ ሐዲዱ መሃል ሄዳ ቆመች። «እርስዎ እንደ ሁልጊዜው ማዞሪያዎ ጋ ይቁሙ። ራስዎን ሳይሸፍኑ።»

አምፖሉ በራ። ሳህኑ ብርሃኑን ከለለው። ትናንት ዜሮ ያለው ሰሌዳ አራት አለ።

«ቆብዎን ያድርጉ።»

ከጉርዱ የተሰፋውን ቆብ እስከ ቅንድቡ ሳበው። ሰሌዳው ዜሮ አለ። «ያውልቁ» አለች፣ አራት። «ያድርጉ» አለች፣ ዜሮ። ሳህኑ ተነሣ፣ ጋሽ ካንዴላም ትንፋሹን ውጦ ማዞሪያዋን ያዘ። ሰሌዳው ትንሽ ወላወለና ቆመ። ሁለት መቶ!

ኪሎ በሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ጋሽ ካንዴላ ግን አላበቃም። ከካፖርቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለገምጋሚዋ ሰጣት።

«እነዚህ አርባ አንዱ ናቸው። በየቤታቸው ደብዳቤ ይጻፍላቸውና ተመልሰው ይምጡ። እኔ እንደገና እለካቸዋለሁ።»

ኃላፊው ፊቱ ዓመድ መሰለ። ገምጋሚዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይህን ይነግሩኛል ብዬ አልጠበቅሁም» አለች። «ክፍሉ አይዘጋም። ማዞሪያዋ ግን ከመጋረጃ ኋላ ትዛወር፣ አርባ አንዱም ይለኩ።» ከዚያ የሪፖርቱን ቅጽ አውጥታ «የስሕተቱ ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ብዕሯን አሳረፈች። ያን ጊዜ ነው ከንፈሯ ዳር ላይ የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰው። «በልኬት ስለሆነ የምንነጋገረው እንግዲህ በልኬት ልንገርዎት። ይኼ ሽበትዎ አራት ካንዴላ ነው።»

ከሄደች በኋላ ጋሽ ካንዴላ በሩ ላይ ያለውን የሃያ ሦስት ዓመት ወረቀት ነቀለው። «ከአንገቱ በታች» የሚለውን ሰርዞ «ከእግሩ እስከ ራሱ» ብሎ ጻፈበትና መልሶ ለጠፈው። ኪሎ አጠገቡ ቆሞ ራሰ በራውን እየዳበሰ፣ «የኔስ ስንት ይሆናል?» አለው።

«አንተማ የመንገድ መብራት ነህ» አለ ጋሽ ካንዴላ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የቀለደው የመጀመሪያ ቀልድ ነበር፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ቤቱ ሲደርስ ገና ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ሚስቱ በሩን ከፍታ አይታው አፏን ያዘች። ለካ ቆቡን እስከ ቅንድቡ እንዳደረገ ነው አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ሰላም እየተባባለ የመጣው።

«አልተዘጋችም» አላት።

«አውቄያለሁ፣ ቆቡን ረስተህ ስትመጣ ጊዜ።» ጎትታ አስገባችው። «ሌላስ ምን አሉህ?»

«ሽበትህ አራት ካንዴላ ነው አሉኝ።»

«አራት ምን?»

«አራት ሻማ በይው። ተለክቶ ነው፣ ሪፖርት ላይ ሰፍሯል።»

ሚስቱ ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀችለትና ፀጉሩን በመዳፏ ወደ ኋላ አስተካከለችው። «ብርሃን መጣልህ ስልህ የማውቀው እኔ ነኝ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እኔ ግን ይኸው ካወቅሁት ሰባት ወር ሆነኝ፣ ያለ ምንም መለኪያ ዕቃ።»

ጋሽ ካንዴላ ፈገግ አለ። ወደ ሶፋው ሄዶ ሚጡ ላይ ጎንበስ ሲል የጨለመው ጉንጯ ፈካ አለ። ልጅቷም ሁለት እጇን ዘርግታ ሽበቱን ጨምድዳ ያዘችና አልለቅም አለች።